ለወፏ ድምፅ ስጡልኝ

እኔ ደሴ ላይ ፎቶ ቤት ነበረኝ። ይህን የምናገረው ለጉራ አይደለም። ለጉራም ቢሆን ግዴለም፤ የደረሰብኝን ለመረዳት ያስፈልጋችኋል።

ፎቶ ቤቴ ግድግዳዋ ላይ ፏፏቴ የተሳለባት፣ ሦስት ኮትና አምስት ከረባት ለደንበኛ የምታውስ ጠባብ ክፍል ነበረች። ሰውየው ከገበያ ቀጥታ ይገባል፤ ሚኒስትር መስሎ ይወጣል። አንደኛው ኮት ጀርባው የተቀደደ ነበር፤ እኔ ግን ሰው የማነሳው ከፊት ነው። እኔ ጋ የመጣ ሰው አገጩን ቀና፣ ትከሻውን እኩል አድርጎ ይቆማል፤ አይስቅም። ለምን ይስቃል? ፎቶ ሰው ካለፈ በኋላ የሚቀር ነገር ነው፤ ሞቶ የሚስቅ ሰው ደግሞ ያስፈራል። ማዲያት ያለበትን በብሩሽ አጠፋለታለሁ። አንድ ጊዜ እንዲያውም አንዱ ሙሽራ ፍላሹ ሲበራ ዓይኑን ጨፍኖ ወጣ። ሌላ ፎቶ ስላልነበረ በቀጭን እርሳስ ሁለት ዓይን ሠራሁለት። ትንሽ የደነገጠ መሰለ፤ ሙሽራ ሲደነግጥ ደግሞ ያለ ነው። ትዳሩ እስካሁን አለ።

ዲቪ ደርሶኝ አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ከተማ ከገባሁ ወዲህ እንጀራዬ ኢስተን ሰፈር አጠገብ ያለ ዌርሀውስ፣ የዕቃ መጋዘን ውስጥ ነው። ዓመታት ሳጥን አነሳሁ፤ ካለፈው ዓመት ጀምሮ ደግሞ ሊድ፣ የቡድን አለቃ ሆኜ ሌሎች ሳጥን ሲያነሱ አያለሁ። ካሜራዬን ግን አልጣልኩም። ሰርግም ይሁን ክርስትና፣ ኒካህም ይሁን ምርቃት፣ ከፊት ተደንቅሬ ሰው የምጋርደው እኔ ነኝ። ሰፈራችን ኖርዝላንድ ያለ አበሻ ሁሉ የወጣልኝን ስም ረስቶ «ጋሽ ፎቶ» ነው የሚለኝ።

ሂክማ የምትባል አንዲት ልጅ አለችኝ። ኮሌጅ ገብታ ፎቶግራፍ ልማር ስትል ባለቤቴ ዘሃራ «ነርስነት ምን ሆነና?» ብላ አንድ ሳምንት አኮረፈች። እኔ ግን ደስታዬን የምደብቅበት አጣሁ፤ ሙያዬ ወራሽ አገኘ። ደስታዬ የቆየው የቤት ሥራዋን እስካይ ድረስ ብቻ ነው። የበር ግማሽ። ውሃ ያቆረ አስፋልት። አንድ ቀን ደግሞ እናቷን አንስታ አመጣች፤ ከጀርባ፣ ማጅራቷን።

«ፊቷስ?» አልኳት።

«ፊቷንማ ሁላችንም እናውቀዋለን፣ አባ» አለችኝ በእንግሊዝኛ።

ልጄ አማርኛ ትሰማለች፤ መልስ የምትሰጠው ግን በእንግሊዝኛ ነው። እኔ ደግሞ በእንግሊዝኛ የተባልኩትን ተረድቼ እስክናደድ አንድ ሁለት ደቂቃ ይፈጅብኛል። ስናደድ እሷ ክፍሏ ገብታለች። ቤታችን ውስጥ ሰላም የሰፈነው በዚህ ምክንያት ነው።

ታዲያ በመከር ወራት አንድ ሐሙስ ቀን፣ «አንድ ፎቶዬ ለኤግዚቢሽን ተመረጠልኝ፤ ቅዳሜ ከሰዓት ኑ» አለችን።

ምን ዓይነት ፎቶ ነው ብሎ መጠየቅ ማንም ያስበዋል። እኔ አላሰብኩትም። በቀጥታ ሞርስ ሮድ ወዳለው የእትዬ ከድጃ ግሮሰሪ ሄድኩና፣ በርበሬ እየመረጥኩ፣ ለሰው ሁሉ እንዲሰማ አድርጌ ነገርኳቸው። እትዬ ከድጃ ባላቸውን ቀብረው፣ አራት ልጅ አሳድገው፣ ሱቁን ብቻቸውን የሚያንቀሳቅሱ ሴት ናቸው። «ማሻአላህ፣ እኔም መምጣት አለብኝ» አሉ። የእድራችን ሊቀመንበር ጋሼ መኮንንም ምስር ሊገዙ ቆመው ኖሮ «ልጃችን አይደለችም እንዴ? እኔም እሄዳለሁ» አሉ። ቅዳሜ ዕለት ሚኒቫኔ ሞላ። እኔ ሙሉ ልብስ፣ ጋሼ መኮንን ባርኔጣ፣ እትዬ ከድጃና ዘሃራ የዒድ ቀሚስ። እንዲህ ለብሰን የሄድነው ዜግነት ስንቀበል ብቻ ነበር።

ቦታው መሀል ከተማ፣ ድሮ ፋብሪካ የነበረ ቤት ነው። ጡቡ አልተለሰነም፣ ቧንቧው በጣራው ላይ እንደ አንጀት ተጋድሟል። «ገና አልጨረሱትም» አሉ ጋሼ መኮንን በሐዘኔታ። ሂክማ በር ላይ ተቀብላን ለአስተማሪዋ ሰላምታ ልትሰጥ ሄደች፤ እኛም ከቁጥር አንድ ጀምረን ማየት ያዝን።

ቁጥር አንድ በረዶ ላይ የቆመ ባዶ የፕላስቲክ ወንበር ነው። እትዬ ከድጃ ትንሽ አዩትና «ሰውየው ተነስቶ ሳይሄድ አያነሱትም ነበር?» አሉኝ። ቁጥር ሁለት የግድግዳ ስንጥቅ ነው። ጋሼ መኮንን ለአከራዩ የሚላክ ማስረጃ መስሏቸው «እነሱም ይከራከራሉ ማለት ነው» አሉ። ቁጥር ሦስት ጨርሶ የተምታታ ነገር ነው፤ የሚታየው ብርሃንና ጭጋግ ብቻ። እዚህ ላይ እኔ በባለሙያነቴ ማብራሪያ እንድሰጥ ሁሉም ዞረው አዩኝ።

«እጁ ተንቀጥቅጦ ነው» አልኩ።

ቁጥር አራት ላይ ስንደርስ ነፍሴ መለስ አለች። ረጅም እግር ያላት ግራጫ ወፍ በማለዳ ወንዝ ዳር ቆማለች። ላባዋ አንድ በአንድ ይቆጠራል፤ አንገቷ ቀና ያለ፣ እኔ አስተካክዬ ያቆምኳት ይመስል። ፎቶውን ያነሱት ሚስተር ዋልተር የሚባሉ ነጭ ፀጉር ያላቸው ሽማግሌ አጠገቡ ቆመው ነበር። እጃቸውን ጨብጬ አላለቅም አልኩ። በዚያ ቤት ውስጥ ፎቶ ምን እንደሆነ የምናውቀው እኔና እሳቸው ብቻ ነበርን።

እንዲህ እያልን ቁጥር አሥራ አንድ ደረስን።

ቁጥር አሥራ አንድ ብቻውን አንድ ግድግዳ ይዟል፤ ቁመቱ ከእኔ ይበልጣል። ሶፋ ላይ የተቀመጠ ሰው ነው። የሥራ ቬስቱን አላወለቀም። ጭንቅላቱ ወደ ኋላ ተንጋሏል፤ አፉ ተከፍቷል፤ ስንት ጥርስ እንዳስሞላ ከሩቅ መቁጠር ይቻላል። አንዱ እግሩ ቡት ጫማ እንዳጠለቀ ነው፤ ሌላው እግር ካልሲ ብቻ ነው፤ ከካልሲው ቀዳዳ አውራ ጣቱ ብቅ ብሎ ጎብኚውን ይመለከታል።

ጋሼ መኮንን ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ነፍስ ይማር» አሉ በለሆሳስ።

«ጋሼ፣ እኔ ነኝ እኮ» አልኳቸው።

ወደ ፎቶው አዩ፤ ወደ እኔ አዩ፤ ባርኔጣቸውን መልሰው አጠለቁ። «ይቅርታ» አሉ። «ይህን ያህል አሳድገው ሲሰቅሉህ ጊዜ ነው።»

እኔ ግን ከሁሉ የቆረጠኝ ከሥር የተለጠፈችው ወረቀት ናት። የልጄ ስም ተጽፎ፣ የፎቶው ርዕስ መጻፍ ባለበት ቦታ «ርዕስ የለውም» ይላል። አስቡት፤ አባትን ጣሪያ አሳክሎ ሰቅሎ ስሙን መንሳት! አባቴ ብትል፣ ደክሞት ነው ብትል፣ ሌላው ቢቀር ከሥራ መልስ ብትል ምን ነበረበት?

ይህ ሁሉ ባልከፋ። ቀይ መነጽር ያደረገች የቤቱ ኃላፊ ማይክራፎን ይዛ ወጣችና ጎብኚ ሁሉ የወደደውን ፎቶ ቁጥር በወረቀት ጽፎ ኮሮጆ ውስጥ እንዲከት አሳሰበች። ኤግዚቢሽኑ አንድ ወር ይቆያል። ብዙ ድምፅ ያገኘው ፎቶ፣ አለች ፈገግ ብላ፣ በትልቁ ታትሞ ክሊቭላንድ አቬኑና ሞርስ ሮድ ላይ ባሉት የአውቶቡስ ፌርማታዎች ሁሉ ክረምቱን ሙሉ ይሰቀላል።

እጄ ላይ የነበረው ጭማቂ ከረባቴ ላይ ፈሰሰ።

ክሊቭላንድ አቬኑ ማለት ከሊንደን እስከ እኛ ሰፈር ድረስ የማውቀው ሰው ሁሉ አውቶቡስ የሚጠብቅበት መንገድ ነው። ዌርሀውስ የማዛቸው ልጆች ጠዋት የሚሳፈሩት ከዚያ ነው። ከሳምንት በፊት ደግሞ አንዱን ልጅ በእረፍት ሰዓት ሲያንጎላጅ አግኝቼው «ሰው ፊት እንዲህ ይተኛል?» ብዬ ቆጥቼው ነበር። አሁን እኔ ራሴ በየፌርማታው፣ ክረምቱን ሙሉ፣ አፌን ከፍቼ ልተኛ ነው።

ቤት እንደገባን ሂክማን ሳሎን ጠራኋት። ተቀምጣ ጠበቀችኝ እንጂ ክፍሏ አልገባችም፤ ከዚህ ነው ነገሩ ከባድ መሆኑን ያወቅሁት።

«አንሺው» አልኳት።

«አልችልም። ኤግዚቢሽኑ እስኪያልቅ አይነሳም። ደግሞ ፈርመህልኛል እኮ።»

እውነቷን ነው። በጋ ላይ «አባ፣ እዚህ ጋ ፈርምልኝ» ብላ ወረቀት ሰጥታኝ ነበር። እኔ አሜሪካ ከገባሁ ጀምሮ የተሰጠኝን ወረቀት ሁሉ ሳላነብ ስፈርም የኖርኩ ሰው ነኝ። እያነበብኩ ቢሆን ኖሮ ቤትም መኪናም አይኖረኝም ነበር።

«እንዴት እንዲህ አድርገሽ ታዋርጂኛለሽ? እኔ ሰው ሳነሳ ኮት አለብሳለሁ፤ አንቺ ካልሲዬን ቀደድሽ።»

«ካልሲህ ራሱ የተቀደደ ነው፣ አባ» አለች። ከዚያ ድምጿ ለወጥ አለ። «አዋረድሽኝ ካልክ ፎቶውን አላየኸውም ማለት ነው። በሕይወቴ ያነሳሁት ምርጥ ፎቶ ይሄ ነው።» ዓይኗ ውሃ ሞላ። ዘሃራ ከኩሽና በኩል ቆማ ታዳምጣለች።

ልቤ ሊራራ ነበር። ግን ፌርማታው ታየኝ። «እሺ» አልኳት። «አገሩ የዲሞክራሲ አገር ነው። በምርጫ እጥልሻለሁ።»

«ጣለኝ» ብላ ሄደች።

ከማግስቱ ጀምሮ የምርጫ ቅስቀሳ ጀመርኩ። «ለወፏ ድምፅ ስጡ፤ ቁጥር አራት» የሚል ወረቀት አሳትሜ ግሮሰሪው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጠፍኩ። እትዬ ከድጃ አዲስ ጤፍ መግባቱን በሚናገረውና ክፍል በሚያከራየው ማስታወቂያ መሀል ቦታ ሰጡኝ። ዌርሀውስ ውስጥ በምሳ ሰዓት ንግግር አደረግሁ። ጁምዓ ከሶላት በኋላ መስጊዱ ፓርኪንግ፣ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ቤተክርስቲያኑ ፓርኪንግ ቆምኩ። ሊንደን የሚኖር አንድ ወዳጄ ወረቀቱን ሁለቴ አንብቦ «ወፏ ለየትኛው ፓርቲ ነው የምትወዳደረው?» አለኝ።

ሰው ወፏን ይወዳታል፤ ያን አልጠራጠርም ነበር። ችግሩ መሀል ከተማ ድረስ ማን ይሄዳል የሚለው ነው። እሱንም ሚኒቫኔ ፈታው። ቅዳሜና እሁድ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ፣ በቀን ሦስት አራት ዙር ሰው አመላለስኩ። ሰርግ ያነሳኋቸውን፣ ልጆቻቸውን ክርስትና ያነሳሁላቸውን፣ የፓስፖርት ጉርድ ፎቷቸውን ያሳመርኩላቸውን ሁሉ ውለታ አስቆጥሬ ጫንኳቸው። ጋሼ መኮንን የእድሩን አባላት አሰባስበው ሰጡኝ። መንገድ ላይ ትምህርት እሰጣለሁ፤ «ቁጥር አራት። ላባዋን እዩ፤ አንገቷን እዩ። ቁጥር አሥራ አንድ የሚባል አለ፤ እሱን ቀና ብላችሁ እንዳታዩት።»

ሰውን አንድ ነገር አትይ ማለት ግድግዳው ላይ ቀስት ስሎ እንደማሳየት ነው። ይህ የገባኝ ዛሬ ነው።

እኔ ወደ ውስጥ አልገባም፤ ከፎቶው ጋር ዓይን ለዓይን መተያየት አልፈልግም። መኪና ውስጥ ሆኜ እጠብቃለሁ። ታዲያ ሲወጡ አንድ ነገር አስተዋልኩ። ሴቶቹ አፍንጫቸውን በሻርፕና በነጠላ ጫፍ እየጠረጉ ነው የሚወጡት። ጉንፋን መስሎኝ ሂተሩን ከፍ አደረግሁላቸው። ወንዶቹ ደግሞ ሲሄዱ ሲያወሩ የነበሩት ሲመለሱ ዝም ይላሉ። ያ ሲያንጎላጅ የቆጣሁት ልጅ እንኳ ከሚኒቫኑ ሲወርድ ትከሻዬን ቸብ አድርጎኝ ሄደ።

«ለቁጥር አራት ሰጣችሁ?» እላለሁ።

«ድምፃችንን ሰጥተናል» ይሉኛል።

ወይ ወፊቱ፣ ሰው ታስለቅሳለች ለካ ብዬ ተደነቅሁ። ሚስተር ዋልተርንም አንድ ቅዳሜ በር ላይ አግኝቻቸው ድላቸውን አበሰርኳቸው። ሕዝቤን ሁሉ ለእርስዎ አምጥቻለሁ ስላቸው ሽማግሌው በመገረም አዩኝ፤ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው አመሰገኑኝ። እቤት ግን ሂክማ ዘግታኛለች። ሻይ ታቀርብልኛለች፤ ዓይኔን አታየኝም። አንድ ቀን ጠዋት የመኪና ቁልፌን ሳነሳ «ዛሬም ልታስወድቀኝ ነው?» አለችኝ፤ በአማርኛ። የዚያን ቀን ሁለት ዙር ብቻ ነው የሠራሁት።

የመጨረሻው ቅዳሜ ከሰዓት ደረሰ። አዳራሹ ውስጥ ገባሁና ደነገጥኩ። ግማሹ ሰው የኔ ነው። እድሩ አለ፤ ዌርሀውሱ አለ፤ ሞርስ ሮድ ተነቅሎ መጥቷል። እትዬ ከድጃ ሁለት ትልቅ ትሪ ሙሉ ሳምቡሳ ይዘው መጥተው ለእንግዳ ከቀረበው አይብና ብስኩት አጠገብ አስቀምጠዋል። አይቡን ዝንብ እንኳ አልቀረበውም። ሂክማ ጥግ ይዛ፣ እጆቿን አጣምራ ቆማለች። ስታሸንፍ ላያት ይሁን ስትሸነፍ፣ እኔ እንጃ፣ በዚያች ሰዓት የምመኘው ጠፋኝ።

ባለ ቀይ መነጽሯ ሴት ወጣች። «የመጀመሪያውን ሳምንት» አለች «አንድ ፎቶ በሰፊ ልዩነት ይመራ ነበር። ቁጥር አራት።» እኔ ከረባቴን አስተካከልኩ። «ከዚያ ግን ቅዳሜና እሁድ በሚኒቫን የሚመጡ ጎብኚዎች ጀመሩ። ከየት እንደሚመጡ አናውቅም። ውጤቱን ገለበጡት።» ወረቀቷን ገለጠች። «ያሸነፈው ቁጥር አሥራ አንድ ነው።»

እልልታው የፋብሪካውን ቧንቧ አንቀጠቀጠው። ሴቶቹ ሂክማን ከበው ይስማሉ፤ የዌርሀውስ ልጆች ያጨበጭባሉ። እኔ መሀል ላይ እንደ ቁጥር አንዱ ወንበር ብቻዬን ቀርቻለሁ። የገዛ ሽንፈቴን ራሴ ነድቼ፣ ቤንዚን ቀድቼ፣ ሂተር ከፍቼ አምጥቻለሁ።

ጋሼ መኮንንን ያዝኳቸው። «ጋሼ፣ ለወፏ አልሰጡም?»

«ወፏ ቆንጆ ናት» አሉኝ ረጋ ብለው። «ግን ወፏን አላውቃትም። አንተን አውቅሃለሁ። እንደዚያ ሆኜ ስንት ዓመት ተኝቻለሁ መሰለህ፣ ፓርኪንግ ሎት ጥበቃ እሠራ በነበረ ጊዜ።»

ሚስተር ዋልተር ቀርበው ጨበጡኝ። ይቀየሙኛል ብዬ ስፈራ እየሳቁ ነበር። እሳቸውም ለቁጥር አሥራ አንድ ነው ድምፃቸውን የሰጡት። ጡረታ እስኪወጡ ትራክ ነድተዋል፤ «ወፍ ማንሳት የጀመርኩት ማረፍ ስችል ነው» አሉኝ።

እትዬ ከድጃ ሳምቡሳ በሰሀን ይዘው መጡ። «እንኳን ደስ ያለህ» አሉኝ።

«እርስዎም ለእኔ አፍ ነው ድምፅ የሰጡት?»

«ለአፍህ ነው ማን አለህ?» አሉ። «እኔ የሰጠሁት ለእጇ ነው።»

«ለማን እጅ?»

እትዬ ከድጃ ሰሀኑን ያዝ አድርገው አዩኝ። የምቀልድ መስሏቸው ነበር፤ እንደማልቀልድ ሲገባቸው ክንዴን ይዘው ወደ ቁጥር አሥራ አንድ ወሰዱኝና ፊት ለፊቱ አቆሙኝ። ከመጀመሪያው ቀን ወዲህ ቀና ብዬ አላየሁትም ነበር። የመጀመሪያውም ቀን ያየሁት አፌን፣ ጥርሴንና አውራ ጣቴን ነው።

«ወደ ታች» አሉኝ።

ወደ ታች አየሁ። በፎቶው ግርጌ፣ ጥላው ከሚበረታበት ጥግ የወጣ የሴት እጅ ይታያል። ቡት ጫማ ያጠለቀው እግሬ ላይ አርፎ የጫማዬን ክር ይፈታል። ጣቶቹ ቀስ ያሉ ናቸው፤ ሰው እንዳይነቃ የሚጠነቀቁ። የመስኮቱ ብርሃን ከእኔ ፊት አልፎ፣ ቬስቴን ወርዶ፣ እዚያ እጅ ላይ ነው የሚያርፈው። ፎቶ ምን እንደሆነ አውቃለሁ የምል ሰው ነኝ፤ ጥርት ያለው የእኔ ፊት አይደለም፣ ያ እጅ ነው። ልጄ እኔን አይደለም ያነሳችው። እኔ እዚያ ውስጥ ያለሁት ያ እጅ የሚሠራው ሥራ እንዲኖረው ነው።

የጣቷን ቀለበት አወቅሁት። እኔ ነኝ የሰጠኋት።

ከሥራ መጥቼ ሶፋው ላይ ቁጭ እላለሁ፤ ስነቃ ጫማዬ በር ሥር ተስተካክሎ አገኘዋለሁ። በዚህ ሁሉ ዓመት፣ በአላህ ስም እነግራችኋለሁ፣ አውልቄ የማስቀምጠው እኔ ራሴ ይመስለኝ ነበር። እንዲያውም ሥርዓታም ሰው ነኝ እያልኩ በልቤ እኮራ ነበር።

ዞር ስል ዘሃራ አጠገቤ ቆማለች።

«ምነው አልነገርሽኝም?» አልኳት።

«ፎቶ አንሺው አንተ ነህ» አለች። «ታየዋለህ ብዬ ነው የጠበቅሁት።»

«ሁልጊዜ አንቺ ነሽ የምታወልቂልኝ?»

«ምንጣፉ ይቆሽሻላ» አለችኝና ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ወደ ሳምቡሳው ሄደች።

ሂክማን ፈልጌ አገኘኋት። የምናገረውን ሳላዘጋጅ ነው የሄድኩት። «እኔ ድምፄን ለወፏ ነው የሰጠሁት» አልኳት። «መጀመሪያ ቀን። አይቼው አልነበረም።»

«አሁንስ?»

«አሁን ልቀይር ብል አይሰጡኝም።»

ሳቀች። ሦስት ሳምንት ያልሳቀችው ሳቅ ወጣላት፤ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ባለ ቀይ መነጽሯ ሴት በሚኒቫን ሰው ሲያመላልስ የነበረው ፎቶው ላይ የተኛው ሰው ራሱ መሆኑን ስትሰማ ማይክራፎኑን መልሳ አነሳችና ለሁሉም ነገረች። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ሕዝቡ ከእኔ ጋር ካልተነሳን ብሎ ተሰለፈ፤ እኔ በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ብዙ ፎቶ ተነስቼ አላውቅም። ክርስቲያንም ይሁን ሙስሊም፣ ያገኘሁትን ሁሉ ክር የምትፈታውን እጅ እያሳየሁ አስረዳሁ። ሰውም ቀድሞ ያየውን ነገር እንደ አዲስ እየሰማ በትዕግሥት አዳመጠኝ።

የመጀመሪያው በረዶ በጣለ ሳምንት ፎቶው ፌርማታዎቹ ላይ ወጣ። እኔ፣ ዘሃራና ሂክማ አንድ እሁድ ጠዋት ልናየው ሄድን። ሚኒቫኑን ክሊቭላንድ አቬኑ ዳር አቆምኩና ብቻዬን ወርጄ፣ ካፖርቴን ቆልፌ፣ መስታወቱ ሥር ቆምኩ። ትልቅ ነው፤ ያምራል። ከሥሩ አሁንም ርዕስ የለውም ይላል፤ ለዚያ ሁሉ ነገር ማን ርዕስ ያወጣለታል ብዬ ተውኩት።

እዚያ ቆሜ ሳለሁ አውቶቡስ መጣና ፊቴ ቆመ። በሩ ተከፈተ። ሹፌሯ ሴት ናት፤ ወደ ፎቶው አየች፤ ወደ እኔ አየች።

«አንተ ነህ?» አለች።

«እኔ ነኝ።»

«እጇስ? ሚስትህ ናት?»

«ሚስቴ ናት።»

እንዳልከፍል መዳፏን ሂሳብ መቀበያው ማሽን ላይ ክድን አድርጋ «ግባ» አለችኝ። «ለእሷ ስል ነው።»

መኪናዬ አሥር እርምጃ ርቀት ላይ ሞተሯ እየሠራ ቆማለች። የምሄድበትም ቦታ የለኝም። ግን እናንተው ፍረዱኝ፣ እንዲህ ያለ ክብር ሲቀርብ መኪና አለኝ ብሎ እምቢ ይባላል? ገባሁ። የመጀመሪያው ወንበር ላይ በመስኮቱ በኩል ተቀመጥኩ። ከኋላችን ሂክማ የሚኒቫኑን መሪ ይዛ ስትከተለን፣ ዘሃራ አጠገቧ አፏን በእጇ ሸፍና ስትንከተከት አያለሁ። በክብር እጄን አወዛወዝኩላቸው። በሚቀጥለው ፌርማታ ላይ ሹፌሯን አመስግኜ ስወርድ፣ እዚያም ፎቶው ላይ ተኝቼ ራሴን ጠበቅሁት።